የብስክሌት ካቴና፥ ላምባና የኑግ ዘይት

በአርባ ምንጭ ከተማ ከሴቻ ተነሥቶ ወደ ሲቀላ በብስክሌት የሚወርድ ተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ፔዳል መርገጥ እምብዛም አያስፈልገውም፤ መንገዱ ራሱ ይወስደዋል። ሲመለስ ግን ዳገቱን የሚያወጡት ጉልበቱና ካቴናው ናቸው። ቁልቁለቱም ቢሆን ያለ ካቴና የሚዘለቅ እንዳይመስለው። በተለይም ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ ብቻ የሚቆም ብስክሌት የያዘ ሰው፥ ካቴናው ከጥርሱ ላይ የወለቀ ዕለት ፍሬኑም አብሮ ይጠፋበታል። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ነገር ለአንዳንዱ የጋራዥ ወሬ መስሎ ቢታየውም፥ በሰው አጥንት የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ብዙዎቻችን ጎማውን እናስነፋለን፥ መቀመጫውን እንወለውላለን፥ ካቴናውን ግን ሲጥ ሲጥ እስኪል ድረስ አናስታውሰውም። ድምፅ ሲያሰማም የተለመደው መድኃኒት በላዩ ላይ ዘይት ማፍሰስ ነው። ጩኸቱ ወዲያው ዝም ስለሚል ሰው የተፈወሰ ይመስለዋል። ነገር ግን ዘይቱ የላዩን አቧራ ይዞ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፥ ካቴናውን የሚበላ ሞረድ ሆኖ ይቀመጣል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የካቴናውን አሠራር ማወቅ ያሻል። የዛሬው ካቴና መሠረቱ በስዊስ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ይሠራ የነበረው ሐንስ ሬኖልድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. ያወጣው ፈጠራ ነው። ከሁለት በኩል ቅጠል የመሰሉ ብረቶች አሉ፤ በመካከላቸው ሚስማር ያልፋል፤ በሚስማሩም ዙሪያ የሚሽከረከር ቀለበት አለ። ከሚስማር እስከ ሚስማር ያለው ርቀት 12.7 ሚሊሜትር ነው። ካቴናው በጥርሱ ላይ ሲያልፍ ይህ መጋጠሚያ ሁሉ ይታጠፋል፥ ይዘረጋል። መፋተጉ የሚደረገው በውስጥ፥ በሚስማሩ ዙሪያ ነው እንጂ ዓይን በሚያየው በውጭው በኩል አይደለም።

«ካቴናዬ ተለጠጠ» ሲባል እንሰማለን። በእውነቱ ብረቱ አልተለጠጠም፤ ሚስማሮቹ ስለ ተበሉ መጋጠሚያዎቹ ላሉ እንጂ። በአንድ ካቴና ላይ 110 ያህል መጋጠሚያዎች ቢኖሩና እያንዳንዱ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ቢላላ፥ ጠቅላላው 11 ሚሊሜትር ረዘመ ማለት ነው። የረዘመ ካቴና በጥርሱ ላይ በትክክል አይቀመጥም፤ ጥርሱንም እየሳለ እንደ ሻርክ ክንፍ ያሾለዋል፤ በመጨረሻም ዳገት ላይ ይዘላል ወይም ቁልቁለት ላይ ይወልቃል። ይህንን ለመለካት መካኒክ አያስፈልግም፤ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ከአንድ ሚስማር መካከል ጀምሮ 20 መጋጠሚያ ሲቆጠር አዲስ ካቴና 254 ሚሊሜትር ይሆናል። ከ256 ተኩል ካለፈ ጊዜው አልቋልና መለወጥ ነው። ማርሽ የሚቀያይር ብስክሌት የያዘ ሰው ደግሞ ከዚህም ቀደም ብሎ ቢለውጥ ይሻለዋል።

የጋሞ ቆላ ለካቴና ደግ አገር አይደለም። በአባያና በጫሞ ሐይቆች አካባቢ፥ ወደ ላንቴና ወደ ጫኖ የሙዝ እርሻዎች በሚያስገቡት የአፈር መንገዶች ላይ በበጋ አቧራው እንደ ዱቄት የላመ ነው። ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ በበልግ፥ አንዴም በመስከረምና በጥቅምት። አቧራው ይፈጫል፥ ጭቃው ያዝገዋል። በመስኩ የሚዞር የእርሻ ወይም የጤና ሠራተኛ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል።

አሁን ወደ እጥበቱ እንግባ። የካቴና እድፍ ዘይትና አቧራ የተለወሰበት ስለ ሆነ ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም። በቤት ውስጥ ከሚገኙት ሁሉ የተሻለው ላምባ ነው። ካቴናው መቆለፊያ ካለው በፒንሳ ፈትቶ፥ ላምባ በጨመሩበት ቆርቆሮ ውስጥ ጥቂት መዘፍዘፍ፤ ከዚያም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መጋጠሚያውን እያጠፉ እየዘረጉ መፈግፈግ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ማጠብ አይበቃም፤ በሁለተኛ ንጹሕ ላምባ ሲታጠብ ከውስጥ የሚወጣው ጥቁር ነገር ያስደንቃል። በመጨረሻም በጨርቅ ጠርጎ በነፋስ ሰቅሎ በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ በመጋጠሚያው ውስጥ የቀረ ላምባ ኋላ የሚገባውን ዘይት ያቀጥነዋልና። መቆለፊያው ሲመለስ ዝግ የሆነው ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መቅደም አለበት። ይህችን ትንሽ ነገር የዘነጋ ሰው ካቴናውን በመንገድ ላይ ይለቅማል።

«ቤንዚን ቶሎ ያጸዳል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፥ ያጸዳል። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ያወጣል፤ ላምባ ግን ለዚያ ቢያንስ 38 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ ስለ ሆነ በመሬት ለመሬት ተስቦ፥ በወዲያኛው ጥግ ቡና ከሚፈላበት የከሰል ምድጃ ይደርሳል፤ እሳቱም በዚያው መንገድ ተመልሶ ወደ ቆርቆሮው ይመጣል። እንግዲህ ማን ነው ለአንድ ካቴና ቤቱን የሚያስይዝ? ላምባውም ቢሆን እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሞቃት አገር ከእሳት ርቆ፥ በደጅ፥ በጥላ ሥር የሚሠራበት ነገር ነው።

ከእሳቱ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። የተረፈውን ላምባ በውሃ ጠርሙስ ጨምሮ በመስኮት ላይ ማስቀመጥ ክፉ ልማድ ነው። ሕፃን ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ላምባ የጠጣን ልጅ ወተት ወይም ሌላ ነገር ግቶ ማስመለስ አይገባም፤ በሚያስታውክበት ጊዜ ላምባው ወደ ሳንባ ገብቶ ከመጀመሪያው የከፋ ጉዳት ያመጣልና። ሳያስመልሱት በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ያደፈውን ላምባ የት እንጣለው? ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር በጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፤ ነዋሪውም የሚጠጣው ከዚያው ነው። የኩልፎ ወንዝም ከተማውን አልፎ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ ቦይ ውስጥ መድፋት ለዓሣውም ለሰውም አይበጅም። ደግሞም መድፋቱ ኪሳራ ነው። ክዳን ባለው ቆርቆሮ አሳድሮ እድፉ ሲዘቅጥ ከላይ የጠራውን ቀድቶ ለሚመጣው ጊዜ ማስቀመጥ ይቻላል። ዝቃጩን በሰጋቱራ አስመጥጦ አሮጌ ዘይት ለሚያጠራቅም ጋራዥ መስጠት ነው።

ኦሞና ሙቅ ውሃ ላምባ ለሌለው ሰው ያገለግላል፤ ነገር ግን ወዲያው ካልደረቀ በማግስቱ ዝገት ነው። በረኪናና አቼቶ ግን ወደ ካቴና አይቅረቡ፤ ሁለቱም ብረቱን ይበሉታል።

የታጠበ ካቴና ደረቅ ነው፥ ዘይትም ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ማዕድ ቤት ይሄድና የኑግ ዘይት ያመጣል። የኑግ ዘይት ለወጥ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን በአየር ላይ ሲቆይ እየወፈረ ሙጫ የሚሆን ዓይነት ነው። የሱፍ ዘይትም እንዲሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጋጠሚያዎቹ ይጣበቃሉ፥ አቧራውም እንደ ዝንብ ይሰፍርባቸዋል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይትም በነጻ ስለሚገኝ ብቻ የሚወደድ ነው፤ የብረት ፍቅፋቂና አሲድ ያለበት ከመሆኑም በላይ በቆዳ ላይ ሲደጋገም ለካንሰር ያጋልጣል። ግራሶ ደግሞ ወፍራም ስለ ሆነ ወደ ሚስማሩ አይዘልቅም፤ በውጭ ተለጥፎ አቧራ ይሰበስባል።

የሚበጀው ያልተሠራበት የሞተር ዘይት ነው። የልብስ ስፌት መኪና ዘይትም መልካም ነው፤ ቀጭን ስለ ሆነ ቶሎ ይገባል፥ ቶሎም ያልቃል። በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንዳንድ ጠብታ ከማድረግ አይታለፍም። ፔዳሉን ወደ ኋላ ማዞር በሚቻልበት ብስክሌት እያዞሩ ጥቂት ማሠራት ነው፤ በፔዳል የሚቆመውን ግን የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ወደ ፊት ማዞር ይሻላል። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ውጭውን ጥርግ አድርጎ መጥረግ ያስፈልጋል። ይህችን የመጨረሻዪቱን ሥራ ሰው ሁሉ ይሳሳላታል፤ «ያፈሰስሁትን ዘይት እንዴት እጠርጋለሁ?» ይላል። ውጭ የቀረው ዘይት ግን ሥራው አቧራ መያዝ ብቻ ነው።

በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች ከ187 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ተወዳድረው በቡድን 9ኛ ሲወጡ፥ ገረመው ደንቦባ በግሉ 24ኛ ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለ ርቀት በደረቀ ካቴና አይሞከርም። የእኛ አንባቢ ከሲቀላ ሴቻ ቢመላለስ ነው። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ፥ ዝናብ ባገኘው ቁጥር ደግሞ በዚያው ማታ ቢጠርገውና ዘይት ቢያስነካው፥ ላምባውን በየጥቂት ወሩ ብቻ ይፈልገዋል። ለእጁ ግን በላምባ መታጠብ አይገባውም፤ ቆዳን ያደርቃል፥ ያቆስላልም። ጥቂት የኑግ ዘይት ከስኳር ጋር አሽቶ ኋላ በሳሙና ቢታጠብ እድፉ ይለቃል።