ተጨማሪ መረጃ፦ ትኩስ ፖም በኤር ፍራየር
ኤር ፍራየር ማራገቢያ ያለው ትንሽ ምድጃ ነው፤ ከላይ የጋለውን አየር በምግቡ ዙሪያ በፍጥነት ያዞረዋል። ፊሊፕስ የራሱን ለገበያ ያቀረበው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው።

ጠንከር ያለ ፖም፣ የጨንቻ ደጋ ፖም ከተገኘ እሰየው፣ ለሁለት ክፈሉና ፍሬውን አውጡ። ጉድጓዱ ላይ ትንሽ ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማርና ቆንጠር አድርጋችሁ ቀረፋ ጨምሩ። በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ሙቀቱ ሲዘልቅ ሕዋሳቱን አያይዞ የያዘው ፔክቲን ይላላል፤ ፖሙም ይለሰልሳል። ጠርዙ ላይ ግን ውሃው ይተንና ስኳሩ ይወፍራል፣ ቡናማ ይሆናል፤ እጅግ የሚጥመውም ይሄ ክፍል ነው። በማር ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ ከተራ ስኳር ቀድሞ ስለሚያር ከ10ኛው ደቂቃ ጀምሮ እያያችሁ ጠብቁ። ልጣጩን አታንሱት፤ ፖሙ እንዳይፈርስ የሚይዘው እሱ ነው።