«አያመኝም» እየተባለ የሚዘገይ በሽታ

በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ሕመም የሌለው ጠጣር እብጠት በመሆኑ «አያመኝም» እየተባለ ወራት ያልፋሉ፤ በዚህ መሐል ወደ ብብት እጢዎች፣ አልፎም ወደ አጥንትና ሳንባ ይዛመታል። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። የሚለየው ግን ተወስዶ በሚመረመር ናሙና እንጂ በግምት አይደለም።

ሐያእ ይዟቸው የሚቀሩ እህቶችም አሉ። ሴት ሐኪም ካልተገኘች፣ በአስገዳጅ ሁኔታ ወንድ ሐኪም እንዲመረምር ዑለማዎች ይፈቅዳሉ።

የታማሚዋ ጭንቀትስ? «ሰብር አድርጊ» ብሎ መውጣት ቀላል ነው! እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላትና ከሰው መሸሽ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ የኢማን ማነስ ተደርጎ አይታይ። ለሐኪም ይነገር፣ ሕክምና አለው። ባለቤቷም በቀጠሮዋ ቀን አብሯት ቢሄድ «ጡቴ ከተቆረጠ ይተወኛል» የሚለውን ስጋቷን ያቀልላታል።