ቁጣውን ጥሎ ዘውዱን ያነሣው ቡጢኛ



በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ መጋቢት 12 ቀን፣ በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ ይኖር የነበረ አንድ ሰባኪ በ76 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ዜናው ዓለምን ያዳረሰው ግን ስለ ስብከቱ ሳይሆን ስለ ክንዱ ነው። ሟቹ ሁለት ጊዜ የዓለም የከባድ ሚዛን የቡጢ ሻምፒዮን የሆነው ጆርጅ ፎርማን ነበርና። ዘውዱን ባጣበትና መልሶ ባገኘበት ቀን መካከል 20 ዓመታት አልፈዋል፤ ከነዚያም ዐሥሩን፣ እንደ ራሱ አነጋገር፣ በማንም ላይ ጡጫውን ሳይጨብጥ ነው ያሳለፈው። ታሪኩን የመረጥነውም ስለነዚያ ዐሥር ዓመታት ብለን ነው። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፎርማን በ1949 በቴክሳስ ግዛት፣ ማርሻል በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በሂውስተን የድሆች ሰፈር ነው። እናቱ ምግብ ቤት እያበሰለች ሰባት ልጆች ታሳድግ ነበርና በዚያ ቤት ጠግቦ ማደር ብርቅ ነበር። ምሳ የሚቋጠርለት ያልነበረው ይህ ብላቴና፣ ባዶ የወረቀት ከረጢት በእስትንፋሱ እየነፋ ምሳ የያዘ ለመምሰል ይሞክር እንደነበር ከዘመናት በኋላ ተርኳል። የረኃቡ ኀፍረት ውሎ አድሮ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ትምህርቱን አቋርጦ በጨለማ መንገደኛ የሚቀማ ጎረምሳ ሆነ። አንድ ሌሊት ከፖሊስ ሸሽቶ ከአንድ ቤት ወለል ሥር ገባና ውሾች እንዳያሸቱት ጭቃ ተለቃልቆ ተደበቀ። ሌባ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ያመነው እዚያ ጭቃ ውስጥ ተጋድሞ ሳለ ነው።

በ1965፣ የፕሬዚዳንት ጆንሰን መንግሥት ለድሆች ወጣቶች ባቋቋመው የሥራ ማሠልጠኛ ገብቶ ከቡጢ ጋር ተዋወቀ። ሦስት ዓመት ሳይቆይ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀ፤ የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈ በስድስተኛው ቀን መሆኑ ነው። በ1973 ኪንግስተን ላይ ያልተሸነፈውን ጆ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ከመሬት አጋድሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፈገግታ የማያውቅ፣ ሰላምታ የሚከብደው፣ ሁሉ የሚፈራው ሰው ነበር።

በ1974 ኪንሻሳ ላይ ስለተደረገው ፍልሚያ ብዙ ስለተጻፈ አናረዝመውም። መሐመድ አሊ ገመዱን ተደግፎ ሲያደክመው ቆይቶ በ8ኛው ዙር ዘረረው። ፎርማንም ለዓመታት ሰበብ እየደረደረ፣ በቀልን እያሰበ ኖረ።

በመጋቢት 1977 በፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ በሳን ሁዋን ከጂሚ ያንግ ጋር 12 ዙር ተፋልሞ በነጥብ ተሸነፈ። ሙቀቱ የሚያቃጥል ነበር። ወደ ልብስ መለወጫው ክፍል እንደገባ ሞት የመጣበት መሰለው። ወሰን በሌለው ጨለማና ባዶነት ውስጥ መውደቁን፣ ገንዘቡም ዝናውም እንዳልረዳው፣ ከዚያም አንድ እጅ እንዳወጣው፣ በእጁና በግንባሩ ላይ ደም እንዳየና የክርስቶስን ስም እየጠራ እንደጮኸ ደጋግሞ መስክሯል። ሌሎች ነገሩን ከሙቀትና ከድካም የመጣ ነው አሉ። ያየውን ለመመዘን እኛ አቅሙ የለንም፤ ከዚያ በኋላ ያደረገው ግን የታየ ነው። ቡጢን ተወ። በሂውስተን ጎዳናዎች ላይ ቆሞ መስበክ፣ እስረኞችንና ሕሙማንን መጠየቅ ጀመረ። በ1980 ትንሽ የጸሎት ቤት ከፈተ። ሥርዓተ አምልኮው ከእኛ ቤተ ክርስቲያን የተለየ መሆኑ አይዘነጋም። በ1984 ደግሞ እርሱ እንዳደገው ለሚያድጉ ልጆች የወጣቶች ማእከል አቋቋመ።

ገንዘቡ ግን አለቀ። ለማእከሉ ሲባል በየጉባኤው ምጽዋት መለመን ስላሳፈረው በ1987፣ በ38 ዓመቱ፣ ወደ ቡጢው ተመለሰ። ክብደቱ ከ120 ኪሎ ግራም በላይ ነበር፤ ሰውም ሳቀበት። ሰባኪ ሆኖ ሰው መደብደብ እንዴት ይሆናል? ጥያቄው ዛሬም ያከራክራል። እርሱ ያለ ቁጣ መፋለም ይቻላል ባይ ነበር። መልሱ ሙሉ በሙሉ አረክቶናል አንልም፤ ቡጢ ያው ቡጢ ነው። ነገር ግን ተቀናቃኙን በአይኑ ያስፈራራ የነበረው ሰው አሁን ይስቅ፣ በውፍረቱ ራሱ ይቀልድ ነበር። ስብከቱንም አልተወም።

በ1991 ኢቫንደር ሆሊፊልድን ገጥሞ በነጥብ ቢሸነፍም 12ቱን ዙር በእግሩ ቆሞ ጨረሰ። በኅዳር 1994 በላስ ቬጋስ ለ26 ዓመቱ ሻምፒዮን ለማይክል ሙረር ቀረበ። የለበሰው በኪንሻሳ የተሸነፈበትን ቀይ ቁምጣ ነበር፤ ከአጠገቡም ያን ጊዜ የአሊ አሠልጣኝ የነበረው አንጄሎ ዳንዲ ቆሟል። ዘጠኝ ዙር ሙሉ በነጥብ ተመርቶ በ10ኛው በቀኝ እጁ አገጩን መትቶ ዘረረው። በ45 ዓመቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚህ ዕድሜ ይህን ያደረገ ሌላ የለም። ሕዝቡ ሲጮህ እርሱ በማእዘኑ ተንበርክኮ ይጸልይ ነበር።

የኋላው ዘመኑ ሁሉ እንዲህ የጠራ አልነበረም። በ1995 ጀርመናዊውን አክስል ሹልዝን በነጥብ አሸነፈ ሲባል ውሳኔውን ብዙዎች አልተቀበሉትም። በ1997 ጓንቱን ሲሰቅል ከ81 ፍልሚያዎች 76ቱን፣ ከእነዚህም 68ቱን በዝረራ አሸንፎ ነበር። በስሙ የተሸጠው፣ ቅባቱን እያንጠፈጠፈ ሥጋ የሚጠብሰው የኤሌክትሪክ መጥበሻ ግን ከቡጢው ይበልጥ አበለጸገው። አምስቱንም ወንዶች ልጆቹን ጆርጅ ብሎ መሰየሙ ደግሞ እስከ መጨረሻው ያስቀው ነበር።

ከአሊ ጋርም የቅርብ ወዳጅ ሆነ። በመጋቢት 1997 ስለ ኪንሻሳው ፍልሚያ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም የኦስካር ሽልማት ሲያገኝ ሁለቱም በአዳራሹ ነበሩ። አሊ ያን ጊዜ በፓርኪንሰን ሕመም ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ፣ እርምጃውም ይከብደው ነበር። ወደ መድረኩ የሚያወጣውን ደረጃ ሲጀምር ፎርማን ክንዱን ይዞ ደገፈው፤ አብረውም ወጡ።