ስኳርን በማንኪያ ቆጥሮ መጠቀም

ዱሮ በብዙ የገጠር ቤት ቡና የሚጠጣው በጨው ወይም ባዶውን ነበር፤ ይህ ልማድ ዛሬም ያልጠፋባቸው አካባቢዎች አሉ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ ግን ስኳር ቀስ በቀስ ከከተማ ወደ ገጠር ዘልቆ፣ ሻይና ቡና ያለ እርሱ የማይጠጣበት ቤት በዝቷል። እኛም በየቀበሌው ስንዘዋወር፣ ባለቤቲቱ እንግዳዋን ለማክበር ስትል ለአንድ ትንሽ ብርጭቆ ሻይ 3 ወይም 4 ማንኪያ ስኳር ስትጨምር እናያለን። በዚህ ጽሑፍ እንግዳ ሳይቀየምና የቤተሰቡ ምግብ ሳይጎድል ስኳርን እንዴት መቀነስ እንደሚቻል እናሳያለን።

ጉዳቱ ከምን ላይ ነው?

ስኳር ለሰውነት ኃይል ይሰጣል፤ ገንቢ የሆነ ፕሮቲን፣ ቫይታሚንና ማዕድን ግን የለውም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ስለሚለውጡት ጥርስ ይቦረቦራል። ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ የተመገበ ሰው ይወፍራል፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረትም በጎልማሶች ላይ በብዛት ለሚታየው የስኳር በሽታ በር ይከፍታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ውስጥ ከስኳር የሚገኘው ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 ግራም ወይም 12 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ወደ 6 ማንኪያ ዝቅ ቢል ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። በዚህ ቁጥር ውስጥ ለስላሳ መጠጥ፣ ከረሜላና ብስኩትም ይገባሉ። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮላ ብቻውን 8 ማንኪያ ያህል ስኳር አለበት።

ማር የተፈጥሮ ስለሆነ አይቆጠርም የሚሉ አሉ። ማርም ይቆጠራል። ማር አምራች ማኅበራት ምርታቸውን ለገበያ ማቅረባቸው መልካም ሆኖ፣ በቤት ውስጥ ግን ማር እንደ ስኳር በልክ የሚበላ መሆኑን ማስረዳት ይገባል። ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ከነጭራሹ አይሰጥም።

የአንድ ቤት ስሌት

አምስት ሰዎች ያሉበትን ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። እያንዳንዱ በቀን 3 ስኒ ወይም ብርጭቆ ቢጠጣና ለእያንዳንዱ 3 ማንኪያ ቢጨምር፣ በቀን 45 ማንኪያ ይሆናል። አፉ የተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ቤቱ በቀን 180 ግራም፣ በወር 5.4 ኪሎ ይፈጃል ማለት ነው። በ3ቱ ማንኪያ ፋንታ 1 ቢጨመር ወርኃዊው ፍጆታ 1.8 ኪሎ ይሆናል። የተረፈው 3.6 ኪሎ በአካባቢው ዋጋ ተባዝቶ ሲታይ ስንት ኪሎ ምስር ወይም ስንት እንቁላል እንደሚገዛ ቤተሰቡ ራሱ ያሰላዋል።

አቀናነሱ

1ኛ/ በአንድ ቀን ማቆም አያስፈልግም። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ይበቃል፤ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምደዋል።

2ኛ/ ስኳር በጀበናው ወይም በማንቆርቆሪያው ውስጥ አይጨመር። ለብቻው ከማንኪያ ጋር ይቅረብ። እንግዳው እንደ ፍላጎቱ ስለሚጨምር ባለቤቲቱም ሰስታ ነው አትባልም።

3ኛ/ ሻዩን በቀረፋ፣ በቅርንፉድ ወይም በሄል፣ ቡናውን በጤና አዳም ማጣፈጥ ይቻላል።

4ኛ/ ለልጆች በከረሜላና በለስላሳ ምትክ ንፍሮ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ሙዝ ወይም ፓፓያ ይሰጥ። የውስጡ ቀለም ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ለቫይታሚን ኤ ጥሩ ምንጭ ነው። ከ2 ዓመት በታች ላሉት ስኳር ያለው መጠጥ መስጠት አይገባም።

መቀነስ የማይገባበት ጊዜ

ይህ ትምህርት በተሳሳተ መንገድ እንዳይወሰድ እናሳስባለን። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሕይወቱን የሚያተርፈው ስኳርና ጨው ያለበት ፈሳሽ ነው። ከጤና ኬላ የሚሰጠው ዱቄት በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መሠረት ይበጠበጣል። እርሱ ካልተገኘ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ አፉ የተስተካከለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ ጥቂት በጥቂት ይጠጣል፤ ልጁም ሳይዘገይ ወደ ጤና ኬላ ይወሰዳል። እንደዚሁም ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ላብ ላብ ብሎት ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ሊሰጠው ይገባል። ምግብ በሚያጥርበት ወቅትም ስኳር ሲቀነስ በምትኩ እህልና ጥራጥሬ መተካት አለበት፤ አለዚያ ጉልበት ይጎድላል።

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለማኅበራት

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ መስጠት አይበቃም። በስብሰባ ላይ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሚዛንና ስኳር ይቅረብ። አንዲት እናት በቤቷ እንደምታደርገው ስኳሩን ጨምራ ታሳይ፤ የቤተሰቡ የቀን ድርሻ በተሰብሳቢው ፊት ይመዘን፤ የወሩም ይሰላ። የማኅበሩ ሱቅ ምስርና ባቄላ ከስኳሩ አጠገብ ቢያስቀምጥ የተረፈው ገንዘብ ወዴት መሄድ እንዳለበት ያመለክታል።

ከሁሉም በፊት ግን መጀመር ያለበት ሠራተኛው ነው። በቀን አምስትና ስድስት ቤት የሚጎበኝ ሠራተኛ በየቤቱ ጣፋጭ ሻይ ይቀርብለታል። «እናቴ፣ ስኳሩን ለብቻው ይስጡኝ፤ አንድ ማንኪያ ይበቃኛል» ብሎ በአክብሮት ቢጠይቅ፣ የራሱን ጤና ከመጠበቁም ሌላ ለቤቱ ባለቤት ከረጅም ንግግር የበለጠ ትምህርት ይሰጣል።