የባርሴሎና አሸዋ ከየት መጣ? ኪራዩስ ለምን ናረ?

ባርሴሎና ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚመጣው ኳስ ነው። ታላላቆቻችን ደግሞ ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣችበትን የ1992ቱን ኦሎምፒክ ያስታውሳሉ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምንጽፈው)። ያ ኦሎምፒክ ለከተማዋ ትቶላት የሄደው ትልቁ ነገር የባሕር ዳርቻዋ ነው።

አዎ፣ ዛሬ ቲክቶክ ላይ የምናየው ያ ረጅም አሸዋ በአብዛኛው ሰው የሠራው ነው። ቀድሞ ፖብሌኖው በሚባለው ሰፈር ዳርቻውን የያዙት ፋብሪካዎችና የባቡር ሐዲድ ነበሩ፤ የከተማው ፍሳሽም እዚያው ባሕር ውስጥ ይገባ ነበር። ሶሞሮስትሮ የሚባል የድሆች መንደርም አሸዋው ላይ ነበር፤ በ1966 ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ።

ለኦሎምፒኩ ሲባል ሐዲዱ ተነሳ፣ ፋብሪካዎቹ ፈረሱ፣ ፍሳሹ መስመር ተበጀለት፣ አሸዋ ተደፋ። (አሸዋው አንዴ ተደፍቶ የሚቀር እንዳይመስላችሁ። ማዕበል ስለሚጠርገው በየጊዜው መሙላት የግድ ነው።) እኛ ከሁሉ የወደድነው ዳርቻው አለመታጠሩን ነው። መግቢያ የለ፣ ጠባቂ የለ፤ ፎጣ ይዞ መሄድ ብቻ።

ቱሪስቱም መጣ። በ1990 ሆቴል ያደረው እንግዳ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። አስተናጋጁም፣ ታክሲ ነጂውም፣ ባለሱቁም ሥራ አገኘ።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? አሸዋውን ለሕዝብ ሲያስቀሩ ቤቱን ለገበያ ለቀቁት። የስፖርተኞቹ መኖሪያ መንደር እንኳ ከውድድሩ በኋላ በገበያ ዋጋ ተሸጠ። ባርሴሎኔታን ደግሞ እዩ፤ ዳርቻው አጠገብ ያለ የድሮ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነው፣ ቤቶቹም ጠባብ ናቸው። አከራዩ ሒሳብ ሲሠራ፣ ለቤተሰብ በወር ከሚያከራይ ለቱሪስት በቀን ቢያከራይ ያዋጣዋል። ቤተሰቡ ይወጣል ማለት ነው። በኦገስት 2014 የሰፈሩ ሰዎች ሰልፍ ወጡ። በጁላይ 2024 ደግሞ ሰልፈኞች ምግብ ቤት የተቀመጡ ቱሪስቶችን በውኃ ሽጉጥ ሲረጩ ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም።

ቱሪስቱን መርጨት መፍትሔ አይመስለንም፤ ቤቱን ያስወደደው እሱ አይደለም። ንዴቱ ግን ይገባናል፤ ራሱ የከተማው አስተዳደር እንደሚለው ኪራይ በ10 ዓመት ውስጥ 68 በመቶ ጨምሯል። ከንቲባው ጃውሜ ኮልቦኒ በጁን 2024 እንዳስታወቁት፣ የ10,101 የቱሪስት አፓርታማዎች ፈቃድ ከኖቬምበር 2028 በኋላ አይታደስም። የአፓርታማዎቹ ባለቤቶች ውሳኔውን እየተቃወሙ ነው።