ክረምቱን ቆሞ የከረመ መኪና ወደ መንገድ ሲመለስ

በጎብዬ ክረምቱን ቆሞ የከረመ መኪና ሲነሣ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ሞተሩ ነው። ሞተሩ አልነሣም ቢል ግን ጉዳቱ ከደጅ አያልፍም፤ ሕይወት የሚያጠፋው የፍሬን መክዳት ነው።

የፍሬን ዘይት ዓመት ከዓመት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፤ 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ሲገባበት ግን የመፍላት ነጥቡ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ከኮረም ወደ አላማጣ በሚወስደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ፍሬን ደጋግሞ ሲረገጥ ይግላል፤ ዘይቱም ከፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ እምብዛም አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን በቀላሉ ይታመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ቢረገጥም በቂ ግፊት ከጎማው ዘንድ አይደርስም።

እንግዲህ ያረጀው ዘይት ይለወጥ፤ በቧንቧው የቀረው አየር ይውጣ፤ ፍሬኑም በጎብዬ ሜዳ ላይ በዝግታ ከተፈተነ በኋላ መኪናው ወደ ቁልቁለቱ ይሂድ።