ካሜራው ለምን ጠፋ?

መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ታይቶ ነበር። ፀሐይ ፈጽማ ተሸፍና የቆየችበት ጊዜ እጅግ በረዘመበት በሜክሲኮ እንኳ 4 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ትርኢት ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ካሜራዎችን በዩኤስቢ ገመድ ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝተው ያሠሯቸዋል። በዚያች አጭር ጊዜ አንዱ ካሜራ ከኮምፒዩተሩ ቢለያይ ያመለጠው ፎቶግራፍ አይመለስም።

ለመሆኑ ብቻውን በደኅና ይሠራ የነበረ ካሜራ ከሌሎች ጋር ሲገናኝ ስለ ምን ይጠፋል? ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አራት ናቸው።

አንደኛው የኃይል ማነስ ነው። በመደበኛው ደንብ የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ ከ500 ሚሊአምፔር በላይ አይሰጥም። የራሱ የኤሌክትሪክ ምንጭ የሌለው ማከፋፈያ ይህንኑ ጥቂት ኃይል ለተሰኩበት ሁሉ ስለሚያካፍል ላይበቃ ይችላል።

ሁለተኛው የመተላለፊያው መጣበብ ነው። በዩኤስቢ 2.0 መስመር በሰከንድ የሚያልፈው መረጃ ቢበዛ 480 ሜጋቢት ነው። በአንድ ማከፋፈያ ላይ የተሰኩት ካሜራዎች ሁሉ ይህን ይጋሩታል።

ሦስተኛው የገመዱ ጉድለት ነው። ለዩኤስቢ 2.0 ከ5 ሜትር የበለጠ ገመድ አይመከርም። ኃይል እንጂ መረጃ የማያስተላልፍ ገመድም አለ።

አራተኛው እንቅልፍ ነው። ካሜራው ኃይል ለመቆጠብ ራሱን ያጠፋል፤ ኮምፒዩተሩም ለዚሁ ሲል መሰኪያውን ያሳርፋል። ሁለቱም ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዳይተኙ ሊደረጉ ይገባል።

ከእነዚህ መካከል ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። በመጀመሪያ የጠፋውን ካሜራ ገመድ ከሚሠራው ካሜራ ገመድ ጋር አለዋውጡ። ችግሩ ከገመዱ ጋር ወደ ሌላው ካሜራ ከተሻገረ ጥፋቱ የገመዱ ነው። በዚያው ካሜራ ላይ ከቀረ ግን ገመዱ ነጻ ነው፤ ቀጥላችሁ መሰኪያውን ለውጡ። ገመዱንና መሰኪያውን አንድ ላይ የለወጠ ሰው ካሜራው ቢሠራለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ ብልሽቱ በተመለሰ ጊዜም እንደ አዲስ ይጀምራል።

መልመጃ
1. «ከተሻገረ» በሚለው ቃል ውስጥ «ከ» ምን ያመለክታል?
2. በቤታችሁ የተበላሸ አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ መንስኤውን በቅደም ተከተል እንዴት እንደምትፈልጉ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።